ስለ ሁለቱ ሰንበታት፤ በሮሜ ምዕራፍ 14 ላይ የቀረበ ሐተታ

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ቀን የተነሣውን ክርክር ሲያበርድ፥ አንዱ ቀንን ከቀን አብልጦ ቢያከብር ሌላውም ሁሉን ቢያስተካክል ሁለቱም ስለ ጌታ ብለው ያደርጉታልና የሚያከብረው የማያከብረውን አይፍረድበት፥ የማያከብረውም የሚያከብረውን አይናቀው ይላል። ለዚህ ንባብ በደብረ ምጥማቅ የተደረገውን ጉባኤ ምሳሌ አድርጎ የሚያመጣ አይታጣም። ጉባኤው ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ የተጠቀሰበት ስፍራ ግን ስፍራው አይደለም። ምነው ቢሉ፥ ሐዋርያው በሮሜ ያዘዘውና አባቶች በደብረ ምጥማቅ የቈረጡት ሁለት ነገር ነውና።

ክርክሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበትና ሰንበተ ክርስቲያን እሑድ በአንድነት ይከበሩ ብለው አስተማሩ፤ ስለዚህም ከአገራቸው ወጥተው ወደ ግብጽ ወረዱ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1352 ዓመትም በአርማንያ ዐረፉ (ከዚህ በኋላ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው)። ልጆቻቸው ግን ትምህርቱን አልተዉትም። የእስክንድርያ መንበርና ከእርሱ የሚላኩት ጳጳሳት የሚያውቁት የእሑድን ሰንበት ብቻ ነበረ፤ ከኢትዮጵያ ገዳማትም ብዙው ይህንኑ ይከተል ነበር።

ሁለቱም ወገን ያለ መጽሐፍ አልተናገረም። የኤዎስጣቴዎስ ቤት አሥርቱን ቃላት ይጠቅሳል፤ ከሕግ አንዲት የውጣ እንኳ እንዳታልፍ በወንጌል የተነገረውንም ይጨምራል። የውጣ በጽርእ ቍጥር አሥር ናትና ዲድስቅልያ ለአሥርቱ ቃላት ምሳሌ አድርጎ ይተረጕማታል። ደግሞ በሐዋርያት ስም የተጻፈው ሥርዓት ባሮች ሳይቀሩ በሁለቱም ሰንበት እንዲያርፉ ያዝዛል። በወዲያኛው ወገን ስለ ሰንበት ማንም እንዳይፈርድባቸው ለቈላስይስ ሰዎች የተጻፈው ቃል አለ፤ በሎዶቅያ ጉባኤም 29ኛው ቀኖና ክርስቲያን እንደ አይሁድ በቀዳሚት ሥራ ፈትቶ እንዳይውል ይከለክላል። እንግዲህ አንዱ ወገን መጽሐፍ አዋቂ ሌላው አላዋቂ ነበረ የሚል ታሪኩን አያውቅም።

የሮሜ 14 ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ከደብረ ምጥማቅ አስቀድሞ 46 ዓመት ወደ ኋላ ይመልከት። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ በ1400 ገደማ ተይዘው ታስረው ሳሉ፥ ዐፄ ዳዊት በ1404 አስፈቷቸው፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ጳጳሱም ሌሎቹም በቀደመ ልማዳቸው ኖሩ። አንዱ ቀንን ያከብራል፥ ሌላው አያከብርም፥ በመካከል የሚያስር የለም፤ ሐዋርያው ያለው በግልጥ ይህ ነው።

ነገር ግን ይህንም ያለ ምርመራ ማመስገን አይገባም። በነዚያ ዓመታት የኤዎስጣቴዎስ ቤት ከግብጻዊው ጳጳስ ክህነት አልተቀበለም። እስራቱ ቀርቶ ነበር፥ መለያየቱ ግን አልቀረም። ለመፍረድ ዝም ያለ ሁሉ ወንድሙን ተቀብሏል ማለት አይደለም፤ ሐዋርያው ደግሞ ዝም በሉ ሳይሆን ተቀበሉ ነው ያለው።

በ1438 በግብጽ የነበረው የእመቤታችን ደብር ምጥማቅ በፈረሰ ጊዜ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ስም በተጉለት ደብር አሠርተው ነበር። በ1450 አባቶችን የሰበሰቡት በዚህ ደብር ነው። ከእስክንድርያ የመጡት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ብለው ፈቀዱ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ ክህነትን ለመቀበል ተስማሙ። አንደኛው ልማዱን ለቀቀ፥ ሁለተኛው ኵርፊያውን ለቀቀ። ይህ በግብረ ሐዋርያት 15ኛው ምዕራፍ ያለውን የኢየሩሳሌም ጉባኤ ይመስላል እንጂ ሮሜ 14ን አይመስልም። በኢየሩሳሌም ሐዋርያት ተከራክረው አንድ ሥርዓት ቈርጠው በይሁዳና በሲላስ እጅ ደብዳቤ ላኩ፤ በሮሜ ግን ጳውሎስ ስለ ቀን ምንም አልቈረጠም፥ እያንዳንዱ በልቡ ይጽና ብሎ ተወው እንጂ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚፈታ መምህር ለሁለቱም ክብራቸውን ያሳንሳል።

ይህ ልዩነት ጥቃቅን ነው የሚል ቢኖር ወደ ገላትያ መልእክት ይሂድ። በዚያ ይኸው ሐዋርያ ቀንና ወር ዘመንም ይጠብቃሉ ብሎ ድካሙ ከንቱ እንዳይሆን ይፈራል። ታዲያ በሮሜ የታገሠውን በገላትያ ስለምን ነቀፈ ቢሉ፥ በገላትያ ቀን መጠበቅ ለመጽደቅ ግዴታ ሆኖ በአሕዛብ ላይ ተጭኖ ነበርና ነው። ስለዚህ ጠያቂው መጠየቅ የሚገባው ቀኑ ይከበራል ወይስ አይከበርም ብሎ ብቻ አይደለም፤ ማን በማን ላይ ጫነው ብሎም ነው።

በዚህ መለኪያ ሲመዘን ደብረ ምጥማቅ አንድ ነቀፋ አያመልጠውም። የሰንበትን ነገር በምክር የፈጸሙት ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስን በምክር አልተቀበሏቸውም። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም በማለታቸው ጽኑ መከራ ተቀበሉ። የጉባኤውንም ዜና የምናገኝበት አንዱ ትልቅ ምስክር መጽሐፈ ብርሃን የንጉሡ የራሳቸው መጽሐፍ ነው፤ የባለ ድሉን ቃል የሚያነብ ሰው ይህን እያሰበ ያንብብ። የኤዎስጣቴዎስ ቤት የተሰማው እውነት ስለ ያዘ ብቻ ነውን፥ ወይስ ገዳማቱና ሕዝቡ በሰሜን ስለ በረቱም ነው ብሎ መጠየቅ ለአባቶች ክብር ማጕደል አይሆንም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በጉባኤ ቤት አንዱን ቃል ሲፈቱ አንድም እያሉ ሦስትና አራት ምሥጢር ያወጣሉ፥ አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉን ይቀጽላል። ከጉባኤ ቤት ሲወጡ ግን በአንድ ቀን ላይ ሁለት ልማድ መሸከም የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው። (የንባቡ ትዕግሥት ወደ ኑሮው እንዳይሻገር የከለከለው ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ቢገኝ ለቤተ ክርስቲያን በጠቀመ።)

የዚህ ሁሉ ስሕተት አንዱ ምክንያት በምዕራፉ አከፋፈል ላይ ይገኛል። ይህ አከፋፈል ከሐዋርያው አልመጣም፤ በላቲኖች ዘንድ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ፈቺው በ14ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሲያቆም ቃሉ አለመፈራረድን ብቻ ያዘዘ ይመስለዋል። ንባቡ ግን ደካማውን በመቀበል ጀምሮ ወደ 15ኛው ምዕራፍ አልፎ በ7ኛው ቍጥር ክርስቶስ እንደ ተቀበላቸው እርስ በርሳቸው እንዲቀባበሉ በማዘዝ ይገጥማል፤ ከዚያም የተገረዙትንና አሕዛብን ባንድ ምስጋና ያቆማቸዋል። ደብረ ምጥማቅን ሊጠቅስ የሚወድ መምህር በዚህ በ7ኛው ቍጥር ላይ ቢጠቅሰው፥ ያውም ስለ ሁለቱ ሰንበታት ሳይሆን ስለ ተመለሰው ክህነት ቢሆን፥ ምሳሌው ከንባቡ ጋራ ይስማማል።