የሚ-8 ሃያ በመቶ

የኢትዮጵያ አየር ኃይል በሚያበረው ሚ-8 ሄሊኮፕተር ጋቢና ውስጥ፣ በሁለቱ አብራሪዎች መሃል፣ የአውቶፓይለቱ ሰሌዳ ተቀምጧል። ዓይነቱ ኤፒ-34 ነው። አራት ቻናል አለው፦ የጎን ማዘንበል፣ የአፍንጫ ከፍና ዝቅ፣ አቅጣጫ፣ ከፍታ። ቻናሉ ሲሠራ አረንጓዴ መብራት ይበራል። በየቻናሉ አንዲት ትንሽ መርፌ አለች፤ አውቶፓይለቱ ሥራ ሲፈታ መሃል ላይ ትቆማለች።

የዚህ ሥራ ጥበብ ልኩ ላይ ነው። በማዘንበል፣ በአፍንጫና በከፍታ ቻናሎች አውቶፓይለቱ የሚነካው የመሪውን ሙሉ እንቅስቃሴ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ንፋስ ሲገፋ ጋይሮው ያውቃል። ትእዛዙ ሃይድሮሊኩ ውስጥ ገብቶ ከአብራሪው ትእዛዝ ጋር ይደመራል። አምስት ክንፎች ያሉት፣ ከዳር እስከ ዳር 21 ሜትር ያለፈው ሽክርክሪት ይታረማል፤ በአብራሪው እጅ ያለው ዘንግ ግን አይነቃነቅም። ማሽኑ ተበላሽቶ እስከ ጥግ ቢገፋ እንኳ ትልቁ ድርሻ ከሰው እጅ አልወጣም።

ከሁለቱም ወንበሮች ፊት ኤጂቢ-3ኬ የተባለው የአድማስ ጌጅ አለ። ሄሊኮፕተሩ ወደ ጎን ሲያዘነብል የጌጁ አድማስ ባለበት ይቆያል፤ የምታዘነብለው ትንሿ የአውሮፕላን ቅርጽ ናት። አፍንጫው ሲነሳ ወይም ሲወርድ ደግሞ ከኋላዋ ያለው ባለመስመር ገጽ ይሽከረከራል። በአሜሪካ ጌጆች ግን ቅርጹ ቆሞ አድማሱ ያዘነብላል። አየር ኃይላችን እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ፣ ከዚያ ወዲህ በሶቪየት ሥሪት ስለበረረ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

የጋሞ ምድር አውቶፓይለቱንም ጌጁንም የሚያሠራ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመደበኛ ስሌት የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ከ88 ወደ 76 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሽክርክሪቱ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ማዕዘን፣ ሞተሩ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋሉ። ከታች ቡናማው የአባያ ሐይቅ ውሃ በጭጋግ ቀን ከሰማዩ ጋር ይዋሃዳል፤ ከላይ የጨንቻ ደመና አለ። ዓይን የሚይዘው መስመር ሲጠፋ የሚቀረው ጌጁ ነው።

የአውቶፓይለቱ መርፌ ጥግ ከደረሰች የማሽኑ ድርሻ አልቋል ማለት ነው። አብራሪው ዘንጉን ጥቂት አንቀሳቅሶ ወደ መሃል ይመልሳታል። ንድፍ አውጪዎቹ ለማሽኑ አጭር እጅ ሰጡት፤ እጁ የት እንደደረሰም ለሰው አሳዩ። በስክሪን የተሞሉት አዳዲስ ጋቢናዎችም መመዘን ያለባቸው በዚሁ ነው፦ ማሽኑ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ አብራሪው በአንድ እይታ ያውቃል ወይ?