የለቃሚው እጅ

አቮካዶን የምንመዝነው አብዛኛውን ጊዜ ገበያ ላይ ነው፤ ጫን ጫን አድርገን «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» እንላለን። በጓሮው ዛፍ ላለው ሰው ይህ የዘገየ ፍርድ ነው። ማንጎና ዘይቱን እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ይበስላሉ። አቮካዶ ግን ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ጠጥሮ ወራት ይንጠለጠልና መብሰል የሚጀምረው ከወረደ በኋላ ነው። እንግዲህ በእጅ ዳብሶ የማይታወቀውን በዓይን ለይቶ ማውረድ፣ ሙያው እዚህ ላይ ነው።

ከሐዋሳ እስከ ዲላ፣ ወላይታም ቢሆን፣ ከእንሰቱና ከቡናው መሀል የቆመው የቤት ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከዘር የበቀለ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ደግሞ እናቱን አይመስልም። አንዱ ክብ፣ ሌላው አንገተ ረጅም፤ አንዱ ሲበስል ይጠቁራል፣ ሌላው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ነው። ዓለም የሚገበያየው ሃስ የተባለው ዝርያ ራሱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ ፖስተኛ ከዘር ካበቀለው አንድ ዛፍ የመጣ ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ስለዚህ የጎረቤት ዛፍ ምልክት ለእናንተ ዛፍ ላይሠራ ይችላል። ጥሩ ለቃሚ የማንንም ሳይሆን የዚያን ዛፍ ጠባይ ያውቃል።

መጀመሪያ ልጣጩን ያያል። እንጭጩ ያብረቀርቃል፤ የደረሰው ፈዘዝ ይላል። ከዚያ ከትልልቆቹ አንድ ሁለት አውርዶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። በሳምንት ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ከአንገቱ እስከ ታች እኩል ከለሰለሰ ለቀማው ይጀመር። አንገቱ ተጨማዶ እንደ ጎማ ከሆነ ግን ዛፉን ተዉት። ቆርጦ ማየትም ይቻላል፤ ዘሩን የሸፈነው ቆዳ ነጭና ወፈር ያለ ከሆነ ገና ነው፣ ቡናማና እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ ደርሷል።

ደላላ ዛፉን በጥቅል ገዝቶ በአንድ ቀን ሙልጭ ሲያደርገው፣ ትልቁም ትንሹም እንጭጩም አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ብሩ ያስፈልግ ይሆናል፤ ሥራው ግን ሥራ አይባልም። እናት ከታች ቆመው «ኧረ አታራግፈው ልጄ፣ በከረጢቱ አውርደው!» ሲሉ ከሰማችሁ፣ እዚያ ቤት ጥሩ አቮካዶ ይበላል። ረጅም ቀርከሃ ጫፉ ላይ ከረጢት ታስሮበት፣ ፍሬው ከትንሽ ጭራው ጋር ተቆርጦ ሲወርድ ማየት ደስ ይላል። ጭራው ከሥሩ ከተነቀለ ቀዳዳው ለብስባሽ በር ይከፍታል።

የለቃሚው ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው ግን ፍሬው ለሁለት ሲቆረጥ ነው። ጥሩው ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ወደ ዘሩ ሲጠጋ እንደ ቅቤ ቢጫ ይሆናል፤ ቢላዋው አይንገጫገጭም፣ ዘሩም ሥጋ ሳይዝ ይላቀቃል። በአንድ ጎኑ ብቻ ግራጫ ጠባሳ ካለ ወድቋል ወይም ተመትቷል። ጥቁረቱ ከጭራው በኩል ጀምሮ ወደ ውስጥ ከወረደ ጭራው ተነቅሏል ማለት ነው። ግማሹ ለስልሶ ግማሹ እንደ ላስቲክ እየተሳበ ቢላዋ እምቢ ካለ፣ ያለ ጊዜው የተለቀመ ነው። ዘሩ ውስጥ ለውስጥ ሥር ሰዶ ከተገኘ ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት ነው፤ ዛፍ ላይ በጣም ቆይቷል። ይሄኛው ጥፋት ፍሬው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ፍሬ ለረጅም ጊዜ የተሸከመ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ይቀንሳል።

በዚህ ሁሉ ፈተና ስፕሪስን አላምነውም። በማንጎና በፓፓያ መሀል ተደርድሮ፣ ቪምቶ ጠብ ተደርጎበትና ሎሚ ተጨምቆበት የማይጣፍጥ አቮካዶ የለም፤ ጁስ ቤት ለመጥፎ አቮካዶ መደበቂያ ነው። ለመመዘን ትኩስ ዳቦ ላይ ቀብቶ ጨው ነስነስ ማድረግ ይበቃል። ጥሩ ከሆነ ምላስ ላይ ቅባቱ ይቆያል፤ ያለ ጊዜው የወረደው ውሃ ውሃ ይላል።

ካወረዳችሁት በኋላ በአውራ ጣት አትጫኑት፤ የጣታችሁ ምልክት ከልጣጩ ሥር ጠቁሮ ይገኛል። በመዳፍ ያዙትና ሙሉውን ጨበጥ አድርጉት። ቶሎ ከተፈለገ ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ይታሸግ፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ፍሪጅ የሚገባው ከለሰለሰ በኋላ ነው። ጥሬውን ብርድ ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ሲቆረጥ የሚታየው ጥቁር ክር የለቃሚው ጥፋት አይደለም።