የሕዋስ ሽፋን ወንፊት ነውን?

የሕዋስ ሽፋን ነገሮችን እንዴት እንደሚያሳልፍ ለማስረዳት በየትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ምሳሌ ወንፊት ነው፤ ደቃቁ ያልፋል፥ ግዙፉ ይቀራል ይባላል። ምሳሌው አጭርና ለማስታወስ የሚቀል ቢሆንም እውነቱን ስለሚያጣምም ሊተች ይገባዋል።

ማስረጃውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ቡና ከፍሬውም ከቅጠሉም ይጠጣል። በቡና ውስጥ ያለው የካፌይን ሞለኪውል ክብደት 194 ሲሆን የግሉኮስ 180፥ የሶዲየም ደግሞ 23 ብቻ ነው። ሽፋኑ ወንፊት ቢሆን ኖሮ ሶዲየም ቀድሞ፥ ካፌይን ኋላ ባለፈ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሦስቱ የሚከብደው ካፌይን ያለ ረዳት ሽፋኑን አቋርጦ እስከ አንጎል ይደርሳል፤ ሁለቱ ግን ብቻቸውን ማለፍ ይሳናቸዋል።

ምክንያቱ፥ ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 እንደ ገለጹት፥ ሽፋኑ ፕሮቲኖች የተሰካኩበት ድርብ የስብ ንጣፍ መሆኑ ነው። ካፌይን ከውሃም ከስብም ስለሚስማማ ያልፋል። ሶዲየም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው፥ ግሉኮስም ከስብ ይልቅ ከውሃ ጋር ስለሚስማማ፥ የፕሮቲን በር ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ከወንፊት ይልቅ ኬላ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ በኬላ የሚጠየቀው የመንገደኛው ቁመት ሳይሆን ማንነቱ ነውና። እርግጥ ነው፥ ወንፊት በሴሎፌን ከረጢት ለሚደረግ የክፍል ሙከራ ይበቃል፤ ሕያው ሽፋን ግን ሴሎፌን አይደለም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፥ ማለት ኦ.አር.ኤስ.፥ ከሌሎች ጨዎች ጋር በ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው ይዟል። ወንፊትን ያመነ ተማሪ ስኳሩ ለጣዕም የገባ ይመስለዋል። እውነቱ ግን፥ ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳቀረበው፥ በአንጀት ሕዋሳት ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት በር አለ፤ እነርሱ ሲገቡ ውሃም ይከተላቸዋል። ስኳሩ ከልክ ካለፈ ደግሞ ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያብሰዋል።

ከእኛ መካከል ነገ በጤና ጣቢያ ቆመው እናቶችን የሚመክሩ አሉ። ስለዚህ መምህራን ወንፊትን ከማንሣታቸው አስቀድሞ 194፥ 180 እና 23 የሚሉትን ቍጥሮች በሰሌዳ ላይ ጽፈው፥ የትኛው እንደሚያልፍ ተማሪውን ቢጠይቁት መልካም ነው።