ሚዛኑና ቆጣሪው
ስለ አሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ አንዳንድ ነጥቦች



የአጎቴ ልጅና አብሮ አደጌ የሆነ ሰው ሜሪላንድ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ይኖራል። ዜግነት ከወሰደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከ2024ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በኋላ ደውሎልኝ የቤተሰቡን ደኅንነት ሲነግረኝ «መረጥክ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አልመረጥኩም። የኔ ድምፅ እዚህ ምንም አይለውጥም» አለኝ።

አስተማሪ ነኝና ቁጣ ይቀናኛል። «ሌላው ያጣውን መብት አንተ አግኝተህ ትጥለዋለህ? ይህ ስንፍና ነው!» አልኩት። ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ «መጀመሪያ ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር ተመልከት፤ ከዚያ ትቆጣኛለህ» ብሎኝ ተሰነባበትን። ነገሩ ከነከነኝና አገላብጬ አየሁት። ግማሹን እውነቱን ነው፤ ግማሹን ግን ተሳስቷል። ሁለቱንም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ድምፁ ወዴት ይሄዳል?

የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው 538 ወኪል መራጮችን ነው፤ ከእነዚህ 270ውን ያገኘ ወንበሩን ይይዛል። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባሉት እንደራሴዎች ቁጥር ልክ ወኪሎች አሉት፤ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተንም 3 አላት። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ48ቱ በአንዲት ድምፅ እንኳ የበለጠ ሰው የግዛቱን ወኪሎች በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። ሜይንና ነብራስካ ብቻ ይከፋፍላሉ።

ይህን ለልጆች ለማስረዳት በክፍሌ ሞከርኩት። 35ቱን ተማሪዎች በአምስት መደዳ፣ ሰባት ሰባት አድርጌ አስቀመጥኩና ከሁለት ልጆች አንዱን የክፍሉ አሚር አድርገው እንዲመርጡ ነገርኳቸው። ማን ከማን ጋር እንደሚዋደድ ስለማውቅ አቀማመጡን አስቀድሜ ደልድዬው ነበር። በሦስቱ መደዳዎች አንደኛው ልጅ አራት አራት፣ ሁለተኛው ሦስት ሦስት አገኘ። በቀሩት ሁለት መደዳዎች ግን አሥራ አራቱም ለሁለተኛው እጃቸውን አነሱ። ሲደመር ለአንደኛው 12፣ ለሁለተኛው 23 ሆነ። እኔ ግን «ሦስት መደዳ ያሸነፈው አንደኛው ስለሆነ አሚሩ እሱ ነው» አልኩ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ መደዳ አንዱ ብላቴና ተነሥቶ «ኡስታዝ፣ እኔ ታዲያ እጄን ለምን አነሳሁ?» ሲለኝ የአጎቴ ልጅ ትዝ አለኝ። ሜሪላንድ ከ1992 ጀምሮ በየፕሬዚዳንት ምርጫው ለዴሞክራቶች የምትሰጥ ግዛት ናት፤ እርሱም የተቀመጠው ከኋላው መደዳ ነው ማለት ነው።

በእውነተኛው ምርጫ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። በ2000 አል ጎር በመላው አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ብልጫ ነበራቸው። ነገር ግን ፍሎሪዳ ላይ ስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ በ537 ብቻ ተበለጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ5 ለ4 ወስኖ ድጋሚ ቆጠራውን አስቆመ፤ ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ብልጫ ይዘው በዶናልድ ትራምፕ ተሸነፉ። በ2024 ግን ትራምፕ በሁለቱም መንገድ ስላሸነፉ ጩኸቱ ረገብ ብሏል፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው።

በዚህ ላይ ክብደቱም እኩል አይደለም። በ2020 ቆጠራ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ 54 ወኪሎች አሏት። ዋዮሚንግ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ ይዛ 3 ወኪሎች አሏት። ቢካፈል በዋዮሚንግ አንድ ወኪል ለ192 ሺህ፣ በካሊፎርኒያ ለ732 ሺህ ሰው ይደርሳል። እህል ነጋዴ ለአንዱ ደንበኛ በአንድ ቁና፣ ለሌላው በሌላ ቁና ሰፍሮ ቢሸጥ ምን እንለዋለን?

ቁናው የተሠራው ደግሞ በባርነት ዘመን ነው። ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው ተቆጥረው የጌቶቻቸውን ግዛት ወኪል አበዙለት፤ እነርሱ ራሳቸው ግን አንድም ድምፅ አልነበራቸውም። ከመጀመሪያዎቹ 36 ዓመታት ውስጥ 32ቱን በፕሬዚዳንትነት የያዙት ባሮች ከሞሉባት ከቨርጂኒያ የመጡ ሰዎች መሆናቸው ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ማን ይወጣል? ማንስ ይቀራል?

በ1996 ለምርጫ ዕድሜው ከደረሰው ሕዝብ የወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። በ2020 መምረጥ ከሚችለው ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ወጣ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ቁጥር ነው። ያም ሆኖ ከሦስት ሰው አንዱ ቤቱ ቀረ። ሁሉም ሰነፍ ነውን? አይደለም። ምርጫው የሚውለው በ1845 በወጣ ሕግ መሠረት በማክሰኞ ቀን ነው። ያን ጊዜ ለገበሬው ተስማሚ ቀን ነበር፤ ዛሬ ለቀን ሠራተኛና ለታክሲ ነጂ የሥራ ቀን ነው። ቀደም ብሎ ወይም በፖስታ መምረጥ በብዙ ግዛት ቢፈቀድም ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በጆርጂያ በ2021 የወጣ ሕግ በምርጫ ጣቢያ አቅራቢያ ለተሰለፈ ሰው ውሃና ምግብ ማደልን ከለከለ። ምክንያቱ በስጦታ ድምፅ እንዳይገዛ ነው ተባለ። ጉቦ መከልከሉ ትክክል ነው፤ ግን ለተጠማ ሰው አንድ ኩባያ ውሃ ጉቦ ነውን? ሰልፉን ማሳጠር አይሻልም ነበር?

ጥቁሮቹም ቢሆኑ በ1870 በወረቀት የተሰጣቸውን መብት በእጃቸው ያስገቡት በሰልማ ድልድይ ላይ ተደብድበው፣ በ1965 ሕግ ከወጣ በኋላ ነው።

ለፍትሕ ስንል

የሰውን ጉድለት የሚናገር መልካሙንም መደበቅ የለበትም። በ2020 ትራምፕ ጆርጂያ ላይ በ11,779 ድምፅ ሲሸነፉ «ተሰረቅሁ» አሉ። ድምፁ ሦስት ጊዜ ተቆጠረ፤ አንዱ በእጅ ነበር። ውጤቱ አልተለወጠም፤ በየግዛቱ የቀረቡት ከ60 የሚበልጡ ክሶችም ውድቅ ሆኑ። እንግዲህ ቆጣሪው ሁሉ ሌባ ነው ማለት ግፍ ነው። የእኔ ነቀፌታ በቆጣሪው ላይ ሳይሆን በሚዛኑ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ሐቀኛውን ቆጣሪ ያሳዝናል፤ ሚዛኑም ሳይታረም ይቀራል።

ግማሹ ስህተት

የአጎቴ ልጅ የተሳሳተው የት ላይ ነው? ያ የምርጫ ወረቀት የፕሬዚዳንት ስም ብቻ አይደለም የያዘው። የኮንግረስ እንደራሴ፣ እንደየቦታውም ዳኛ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚመራ ቦርድ አለበት። በእነዚህ ላይ የወኪል መራጭ ነገር የለም፤ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በ2006 ኪዝ ኤሊሰን የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል ሆነው ከሚኒሶታ የተመረጡት በዚህ መንገድ ነው። ከሜሪላንድ አጠገብ ባለችው ቨርጂኒያ ደግሞ በ2017 ለግዛቲቱ ምክር ቤት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። በጥር 2018 ስማቸው በሳህን ውስጥ ተከቶ በዕጣ ተለየ፤ የምክር ቤቱ ብልጫም በዚያ ዕጣ ተወሰነ። በዚያ ወረዳ ከቤቱ የቀረ አንድ ሰው ያን ቀን ምን ተሰምቶት ይሆን?

መልሼ ደወልኩለት። «ሰነፍ ስላልኩህ አፉ በለኝ፤ ስለ ፕሬዚዳንቱ ያልከው አብዛኛው እውነት ነው» ካልኩት በኋላ የቨርጂኒያውን ታሪክ አወራሁት። ሳቀና «እሺ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ስል እወጣለሁ። ግን ሚዛኑ ልክ ነው እንዳትለኝ» አለ። «አልልህም» አልኩት።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን ይህን ነገር ከሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይማሩትም። በዕድራችን፣ በመስጊዳችን ኮሚቴ ሰው ስንመርጥ የሚያፍረውን ድሃ ጠይቀነዋልን? ሴቶቻችንስ ሐሳባቸው ተሰምቷልን? ወይስ በየመደዳው ጮክ ያለው ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል? በክፍሌ ያን ቀን እንደገና አስመረጥኩ፤ እያንዳንዱን ልጅ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ያ ብላቴና ቀድሞ እጁን አነሳ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።