እንደተበጠረ ሰሊጥ

ሸሕዲ ላይ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ የገበሬውን ቃል ብቻ ሰምቶ ጆንያውን ሚዛን ላይ አያወጣም። እጁን እስከ ክንዱ ያስገባና ከሥር አንድ እፍኝ ይዘግናል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶም እፍ ይላል። አቧራ ከቦነነ ጆንያው በሙሉ ይጠረጠራል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጎን ቆሜ ያየሁት ይህ ነገር ትርጉሙ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ በገላባትና በገዳሪፍ አልፌ አሜሪካ ከገባሁ ወዲያ፣ ዋሽንግተን የምክር ቤት አባላት ቢሮ ደጅ ስጠና።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ አገር ቤት የደረሰውን በደል በአንድ ገጽ ጽፎ ለእንደራሴው ረዳት ማስረዳት። ረዳቱ ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው ያለው። መጀመሪያ "የምትኖሩት የት ነው?" ይላል፤ እንደራሴው ከሚወክለው አካባቢ መራጭ አብሮን ከሌለ ነገራችን ከበሩ አያልፍም። ቀጥሎ እጁን ጆንያችን ውስጥ ያስገባል።

አንዴ ከመተማ በኩል አንዲት እናት "ከአንድ ቤት ሦስት ልጆች ወሰዱ" ብለው በስልክ እያለቀሱ ነገሩኝ። እኔ ይበልጥ ይከብዳል ብዬ "በርካታ ወጣቶች" ስል ጻፍኩ። ረዳቱ እስክሪብቶውን አንስቶ "በርካታ ስንት ነው? ማን አየ? መቼ?" አለኝ። ሦስቱ ልጆች ስም ነበራቸው፤ "በርካታ" ግን ስም የለውም። የቀረው ጽሑፍም አብሮ ተጠረጠረ።

ያለፍንበት መንገድም ነገርን በልኩና በስሙ መጥራት እንዳለብን ያስተምራል። የኒው ጀርሲው እንደራሴ ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤች አር 2003 በኢትዮጵያ የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱና ፍርድ ቤት ነጻ እንዲሆን የሚጠይቅ፣ የጸጥታ እርዳታንም ከዚህ ጋር የሚያስር ረቂቅ ሕግ ነበር። መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤቱን አለፈ፤ ሴኔቱ ግን ሳያጸድቀው ቀረ። እንደራሴ ክሪስ ስሚዝ ያቀረቡት ቁጥር 128 ደግሞ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ዶክተር ዐቢይ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ምክር ቤት ጸደቀ። ብዙዎቻችን "ኤች አር 128" እንለው ነበር፤ እሱ ግን የምክር ቤቱን አቋም የሚገልጽ የውሳኔ ሐሳብ እንጂ ሕግ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አክስቴ ከሸሕዲ ደወለችና "ልጄ፣ ሕጉ ወጣ አሉ፤ እንግዲህ አይነኩንማ?" አለችኝ። እኛ በችኮላ የጠራነው ስም እሷ ዘንድ ከለላ ሆኖ ደርሷል። "አክስቴ፣ ሕግ አይደለም። በደላችሁን እዚህ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ የሚመጣባችሁን ግን አያስቆምም" አልኳት። ከየትኛውም ስብሰባ ይልቅ ያ ንግግር ከብዶኛል። ያም ሆኖ ተስፋን በልኩ መንገር የእኛው ዕዳ ነው።

ዛሬ ጽሑፉን ይዤ ከመውጣቴ በፊት ለመሰከረው ሰው በአማርኛ አነብለታለሁ። ኔትወርክ ከጠፋ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እኔ ቨርጂኒያ ነው የማድረው፣ እሱ ግን እዚያው ነው። ባለፈው ያነበብኩላቸው እናት አቋረጡኝ፦ "ሌሊት አይደለም ልጄ፣ ንጋት ላይ ነው። ላሟን እያለብኩ ነበር።"

"ሌሊት" የሚለውን ሰርዤ "ንጋት ላይ" ብዬ ጻፍኩ።