የጽጌ ማኅሌት መልካምነቱ በምን ይታወቃል

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አገር ይህ ስም ከዓይን ጋር ይስማማል፤ ክረምቱ ወጥቶ ዳገቱ አደይ ለብሷል፣ ጤፉ ያዘረዝራል፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ የኑጉ ማሳ ቢጫ ሆኖ ንብ ይርመሰመስበታል። በእሑድ ዋዜማ ሌሊት ሊቃውንቱ ቆመው የሚያድሩለት ማኅሌት ይህንኑ የምድር ውበት ይዞ ወደ እመቤታችንና ወደ ልጇ ስደት ይሄዳል። ሕዝቡ ሲነጋ «ዛሬ ማኅሌቱ አማረ» ይላል። ያማረው በምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የድምፁ ጉልበት፣ የከበሮው ሙቀት፣ የካህናቱ ብዛት ነው። እኔ ግን መለኪያው ሌላ ነው እላለሁ፦ መልካም የጽጌ ማኅሌት ማለት ከበሮው ከገባ በኋላም አበባው የሚሰማበት ነው።

ይህን የሚያስገድደው ድርሰቱ ራሱ ነው። በትውፊት ለአባ ጽጌ ድንግል የሚሰጠው ማኅሌተ ጽጌ አምስት አምስት ስንኝ ባለው፣ ቤት በሚመታ ግጥም የተሠራ ነው። ከእሴይ ሥር አበባ ይወጣል የሚለውን የኢሳይያስን ትንቢት መነሻ አድርጎ የአበባን መዓዛ፣ ነጭና ቀይ ቀለም፣ ፍሬ ሁሉ ወደ ድንግልና ወደ ልጇ ያመጣል። ፍጥረት ጌጥ ሆኖ አልገባም፤ ማስረጃ ሆኖ ነው የገባው። ከኩፋሌ የተማርነው፣ በስድስት ቀን የተፈጠሩት 22ቱ ሥነ ፍጥረት የፈጣሪያቸው ምስክሮች ናቸው የሚለው ትምህርት እዚህ ዜማ ሆኗል። ምስክሩ ካልተሰማ ምስክርነቱ የት አለ?

ስለዚህ ጆሮ ሊጣል የሚገባው መሸጋገሪያው ላይ ነው። ቃሉ መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ቀጥሎ ጸናጽሉና ከበሮው በመረግድ ቀስ ብለው ይገባሉ፤ በመጨረሻ ጽፋቱ ይፋጠናል፣ ጭብጨባውም ይከተላል። ይህ መሰላል የተሠራው ቃሉ አስቀድሞ ልብ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ቁሙን አቻኩሎ ወደ ጽፋት የሚሮጥ ማኅሌት ሳያርስ የሚዘራ ገበሬን ይመስላል። ከበሮ መቺውን ልብ ብሎ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል፦ የሠለጠነው ዓይኑን ከመሪው አፍ አይነቅልም፣ እጁም ቃሉን ተከትሎ ይወርዳል፤ ያልሠለጠነው ግን ቆዳውን እያየ ይመታል። በቀኝና በግራ የቆሙት ሲቀባበሉም የአንደኛው ወገን የመጨረሻ ቃል በሌላው ጅማሬ ሊዋጥ አይገባም። በከበሮና በጸናጽል ከሚባለው ወረብ ቀጥሎ፣ ከስንኙ ጋር እንዲገጥም ተመርጦ የሚመጣው ዚቅ ደግሞ የምርጫ ፈተና ነው። ዚቁ ከስንኙ ጋር በምሥጢር ሲገጥም አበባው ሁለተኛ ጊዜ ይፈካል፤ በቃል መመሳሰል ብቻ ሲገጠም ግን ይጠወልጋል።

ምሥራቅ ጎጃም ላይ ሌላ ከባድ ሚዛን አለ፤ ቅኔ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሩቅ አንባቢ ሁሉ ያስተዋወቁት ደብር፣ ከብቸና ሩቅ አይደለም። እዚህ አገር ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ሆነ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ለዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። የጽጌ ቅኔ የሚመዘነው በሰሙ ነው ባይ ነኝ፤ ወርቁንማ ሁሉም ያውቀዋል፣ ድንግልና ልጇ ናቸው። አበባን ስሙን ብቻ ጠርቶ ያለፈ ቅኔ ደካማ ነው። በጥቅምት የማያብበውን አበበ ያለ፣ ንብ የማይቀስመውን ያስቀሰመ ቅኔ ሰሙ ይሰበራል፤ ሰሙ ከተሰበረ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ የለም። ይህን ደግሞ ግእዝ የማያውቅ ገበሬ እንኳ፣ ቅኔው ሲፈታለት፣ ከመምህሩ እኩል ሊፈርድ ይችላል።

«ማኅሌት ጸሎት ነው፤ ጸሎት አይመዘንም» የሚል ይኖራል። የምእመኑ ልብ አይመዘንም፣ እውነት ነው። ሥራው ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ ሲመዘን ኖሯል፤ የዜማ ተማሪ ስንት ዓመት በመምህሩ ፊት የሚታረመው፣ ቅኔ ቆጣሪ ቅኔው የሚበላሽበት ለዚህ ነው። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሁለተኛው ነው፦ ግእዙን የማይሰማ ሕዝብ የሚደሰተው በሙቀቱ አይደለምን? ሙቀቱን አልነቅፍም። የምለው ሙቀት ከዝምታ ሲወለድ ብቻ ኃይል አለው ነው። ለምሳሌ የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን በ1798 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ባሰማው «ፍጥረት» በተሰኘው ድርሰቱ ዓለም ገና ቅርጽ ሳይዝ የነበረውን ጨለማ በዝግታ ካሰማ በኋላ፣ «ብርሃን» የሚለው ቃል ላይ ዘማሪውና መሣሪያው ሁሉ በአንዴ ይፈነዳል። ጀርመንኛ የማያውቅም ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ጨለማው ቀድሞ ተሰምቷልና። ከመነሻው እስከ መድረሻው በድምፅ ማጉያ የሚጮኽ ማኅሌት ይህን ዕድል ለራሱ ይዘጋል።

የመጨረሻው ፈተና የስደቱን መከራ የሚያለቅሰው ሰቆቃወ ድንግል ነው። ዘመኑ ባበቃ ማግስት፣ ኅዳር 6፣ የቁስቋም በዓል ሲሆን፣ ለሞጣ ሰው ነገሩ ቅርብ ነው፤ የጎንደርን ቁስቋም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ የሞጣ ጊዮርጊስ ታሪክም ከልጃቸው ከወለተ እስራኤል ጋር ይነሣል። ከወረቡ ሞቅታ ወደ ሰቆቃው ሲወርዱ መሪውን አዳምጡ። ድምፁ ከደስታው በድንገት ተቆርጦ ከወደቀ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተዘመሩ ማለት ነው። ዝግ እያለ፣ ከበሮው ቀስ በቀስ እየራቀ ከወረደ ግን፣ ቅድም በመዓዛው የተወደሰው አበባ አሁን በረሃ ላይ በእናቱ ጀርባ የተጠማው ሕፃን መሆኑ ይሰማል።