የታደሰ የመኪና ቆዳ እንዴት ይመዘናል

ባለቤቱ የመኪናውን የቆዳ ወንበር ቤቱ ቀብቶ «እስቲ እየው» ሲልዎት፣ ዓይንዎ ቀድሞ ያረፈው ማብረቅረቁ ላይ ከሆነ ጥርጣሬ ይግባዎት። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቆዳ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዓይን አይወጋም። የአሥር ዓመት መኪና ውስጥ ገብተው ወንበሩ ብቻ ትናንት የተገዛ ከመሰለ ደግሞ ከሥሩ የተሸፈነ ነገር አለ። እኔ ጥሩ ሥራ የምለው ቀለሙን መልሶ ዕድሜውን ያልካደ ነው። ሽብሽቡ፣ ስፌቱ፣ በሰው ገላ የተገራው እጥፋት በቦታው ሆኖ የጠፋው ቀለም ብቻ የተመለሰለት።

ይህን መለየት ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ይጠቅማል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። በዱባይ በኩል ከመጡት ውስጥ የባሕረ ሰላጤውን ፀሐይ ጠግበው፣ ቆዳቸው እዚህ ሳይደርስ የደረቀ አሉ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደላላው የሚያሳየው ጥቁር ወንበር ከሥሩ ምን እንደያዘ ማወቅ አለበት።

አብዛኛው የመኪና ቆዳ በክሮም የለፋ የከብት ቆዳ ነው። በላዩ ቀለም የያዘ ስስ ሽፋን፣ በዚያ ላይ ደግሞ ፖሊዩሬቴን የሚባል ግልጽ መከላከያ አለው። ቤት ውስጥ የምንቀባውም ይህን ሽፋን የሚተካ ነው እንጂ ወደ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ የሚገባ አይደለም። አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉበት፤ ኳስ ሠርቶ ከቆመ ሽፋኑ አለ፣ ወዲያው ከጠጣው አልቋል። ሌላም አለ። በብዙ መኪኖች እውነተኛው ቆዳ የሚቀመጡበትና የሚደገፉበት ገጽ ብቻ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሹ ቀለም በቀላሉ ስለማይዝ ከሥሩ የሚያያይዝ ቅብ ይፈልጋል። ይህን ያልለየ ሰው የቀባው ወንበር ከጀርባው በኩል መላጥ ይጀምራል።

ፍተሻውን ከሾፌሩ ወንበር የውጭ ጎን ይጀምሩ። ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚፈትገው እሱን ስለሆነ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል። በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ያጥፉት። ጥሩ ቅብ ከቆዳው ጋር ታጥፎ ምልክት ሳይተው ይመለሳል፤ ነጣ ያለ መስመር ብልጭ ካለ ግን ወፍሯል ወይም አልያዘም። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጎን በሚመጣ ብርሃን ገጹን ይዩት። የቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳዎችና መስመሮች ከታዩ በስሱ እየተደረበ፣ በየመሐሉ በፀጉር ማድረቂያ እየደረቀ የተሠራ ነው። ልሙጥ ከሆነ በአንድ ወፍራም ቅብ ለመገላገል ተሞክሯል። የአየር ቀዳዳ ያለው ወንበር ከሆነ አንዱም ቀዳዳ መደፈን የለበትም።

በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ያለውን ክፍተት በእጅዎ ከፈት ያድርጉት። ሰነፍ እጅ እዚህ ያቆማል። ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ ይከፈታል፤ አሮጌው ቀለም ብቅ ካለ ያ ሳይታሰብበት ቀርቷል። የራስ መደገፊያውን ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ብረቱ፣ ቀበቶው፣ የፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ካለ የወረቀት ፕላስተር ለመለጠፍ ትዕግሥት አልነበረም። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚናገረው ክሩ ነው። በክሬም ወንበር ላይ ጥቁር ክር የነበረው መኪና ክሩም ክሬም ሆኖ ሲወጣ ያሳዝነኛል። ከስፌቱ ግራና ቀኝ በቀጭን ብሩሽ መሥራት አድካሚ ነው፣ ግን ክሩን ያዳነ ሰው ሌላውንም እንደተጠነቀቀበት አምናለሁ።

ከውበት የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በብዙ መኪኖች የፊት ወንበሮች ጎን ውስጥ ኤርባግ ተቀብሯል፤ ትንሽ የ«ኤስ አር ኤስ» ምልክት ይገኝበታል። በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ የሚወጣው በዚያ በኩል ያለውን ስፌት በጥሶ ነው፤ ስፌቱም ለዚሁ እንዲበጠስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እዚያ ስቱኮ ወይም ማጣበቂያ ተሞልቶ ካዩ፣ ቀሪው የቱንም ያህል ቢያምር አይቀበሉት።

ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ይያዙ። መጀመሪያ በደረቁ፣ ከዚያ በውሃ አርጠብ አድርገው ጫን ብለው ይሹት። ቀለም ከለቀቀ ግልጹ መከላከያ አልተቀባም ወይም ገና አልጠነከረም። የጫማ ቀለም የተቀባ ወንበር በዚህ ፈተና ወዲያው ይጋለጣል። ሰም ስላለበት ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልስና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ልብስ ላይ ይገኛል። የላሜራ ስፕሬይም ቢሆን የተሠራው ለማይታጠፍ ብረት ነው፤ በየቀኑ የሚታጠፍ ወንበር ላይ ይሰነጣጠቃል።

ቀለም የማይይዝበት ዋናው ምክንያት ከሥሩ የቀረ ቅባት ነው፤ ላብ፣ የእጅ ወዝ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዳሽቦርድ ማብረቂያ ውስጥ ያለው ሲሊኮን። ሲሊኮን ባለበት ቀለሙ ይሸሽና ክብ ክብ ባዶ ነጥቦች ይቀራሉ። ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉት። በቆዳ ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፣ አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉት፣ አሮጌውን ሽፋን በ600 ወይም በ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይፈትጉት። እጥበቱ በትክክል ከተሠራ የቀለሙ ሥራ ቀላል ነው።

በቀለም ምርጫ ጥቁር ጥፋት ይሸፍናል፤ ክሬምና ቢዥ ግን ገመና ያወጣሉ። ወንበሩ ሙሉ በሙሉ የሚቀባ ከሆነ ትክክለኛው ቀለም ፀሐይ ያላገኘው ከራስ መደገፊያው ሥር ያለው ነው። ጎኑ ብቻ የሚቀባ ከሆነ ግን ከዚያ መውሰድ ስህተት ነው፤ ከጎረቤቱ ከወየበው ገጽ ጋር መስማማት አለበት። ጋራዥ ውስጥ በአምፖል ብርሃን የተስማማ ቀለም ደጅ ሲወጣ ሊለያይ ስለሚችል በሁለቱም ይዩት፤ እርጥብ ቀለም ሲደርቅም ይለወጣልና በእርጥቡ አይፍረዱ።

ቆዳው ተሰንጥቆ የውስጡ ቃጫ ከወጣ ቀለም አያድነውም። ቀጫጭን ስንጥቅ በሚታጠፍ የቆዳ ስቱኮ ይሞላል፤ ሰፊውን ግን ታፒሴሪያ ቤት ወስደው ያንን ቁራጭ ብቻ ያስቀይሩና አዲሱን ከአሮጌው ጋር በቀለም ያስማሙት። ቀብተው ሲጨርሱ ቢያንስ አንድ ቀን አይቀመጡበት፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም አይጠቡት። ከተረፈው ቀለም ትንሽ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ የሾፌሩ ጎን ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እንደገና ይፈልገዋል።